ወደ ግራ የምትስበው መኪና

«ወንድሜን ከመንገድ ጠርዝ ጋር ያላተመው የደከመ ዓይኑ ነው» ይላል የመካኒኳ አጎት፣ ጋራዟን ለረገጠ ሁሉ፣ ጠየቀውም አልጠየቀውም። መካኒክ አባቷ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ገጭተው የመጡ ዕለት ዘመድ ተመካክሮ ቁልፋቸውን ቀማቸው። እሳቸውም «እውነት ነው፣ መሪው ከእጄ ያመልጠኝ ጀምሯል» ብለው እርጅናን አምነው ተቀመጡ። መኪናዋም እሳቸው ካረፉ በኋላ እንኳ ከቆመችበት አልተነሳችም።

ልጃቸው ዛሬ የምትመረምራት የአባቷን ስም ልታጸዳ ነው። መለኪያ መሣሪያ ሞልቷት ሳለ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን ለማየት እንደሳቸው ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጠረች። በልጅነቷ አንዱን ጫፍ ሲያሲዟት «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ክሩ ዓይናፋር ነው» ይሏት ነበር። ዛሬም ሳታስበው ትንፋሿን ዋጠች።

የግራው የፊት ጎማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሯል። የውስጥ ጠርዙን ብትዳብሰው እንደ መላጣ ለስልሷል።

«ጋሼ፣ ና እስቲ ዳብሰው። ጎማ እንዲህ የሚበላው ወራት ተነድቶ ነው፤ ይቺ ደግሞ አባባ ከገጩ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም። ቀድሞውኑ ወደ ግራ ትስብ ነበር ማለት ነው። እና ዓይናቸው ምን አጠፋ? ለወሬ ሲሆን ምላስህ መሪ የለውም!»

አጎቷ ጎማውን ደጋግሞ ዳበሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም ተናገረ።

«አባትሽ ከመግጨቱ ወራት ቀደም ብሎ ለሠርግ ተውሼያት፣ በግራ ጎማዋ የመንገድ ጠርዝ ላይ አውጥቻት ነበር። ቀለሟ ስላልተጫረ አልነገርኩትም።»