የኩርኩም ሳምንት

ማስረሻ ኮልፌ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አስተምሯል፤ ሰማንያ ሁለት ተማሪ በአንድ ክፍል፣ አራት ልጅ በአንድ ዴስክ። ስለዚህ የሥራ አገናኟ ሴት «ቬሊንግቢ ትምህርት ቤት የአንድ ሳምንት ፕራክቲክ አግኝተንልሃል፤ አንደኛ ክፍል ገብተህ መምህሯን ታግዛለህ» ስትለው፣ ያን ሁሉ ዓመት አስተምሮ እንደ ጀማሪ ለልምምድ መላኩ ትንሽ ቢከነክነውም ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ስቶክሆልም ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቋንቋ ትምህርት ቤት ተቀምጦ «ይህ ወንበር ነው፣ ያ መስኮት ነው» ሲል ከርሟል። የቬሊንግቢው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደግሞ ሳምንቱ ካማረ ለረዳትነት እንደሚያስቡበት ፍንጭ ሰጥተውታል። ከሁሉ በላይ ክፍሉ የልጁ የዝማሬ ክፍል ነው።

ዝማሬ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ፅጌረዳ ሁዲንጌ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ናት፤ ልጅቱን በጨቅላነቷ ይዛ ቀድማ መጣች፣ ማስረሻ በወረቀት ጣጣ አራት ዓመት ዘግይቶ ተከተለ። ልጅቱ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነበር። ሲመጣ «ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?» ብላ እናቷን ጠይቃለች፤ ማስረሻ በሩ ሥር ሆኖ ሰምቷል። በመጨረሻ ያቀራረባቸው ፊደል ነው። ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና ይጠያየቃሉ፤ የሳተ ኩርኩም ይቀምሳል። ማስረሻ ሆን ብሎ ይስታል፤ እሷም በትንሿ ጡጫዋ አናቱን ኳ ታደርገውና እስክትወድቅ ትስቃለች። እሱ በአማርኛ ያወራታል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስለታለች፤ ግን ይግባባሉ። አሁን «ፓፓ» ትለዋለች።

ክፍሉን የያዙት መምህርት ጉኒላ ይባላሉ። ስዊድኖች አንቱታን ከጣሉት ቆይተዋል፤ ልጆቹ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸውን ሴትዮ «ጉኒላ፣ ጫማዬን እሰሪልኝ!» ነው የሚሏቸው። እኛ በአማርኛ እስከተረክን ድረስ እንዲህ ያለውን ድፍረት አናደርገውም።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ጉኒላ ሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል ጻፉ፤ «ቤ» ትባላለች። የሳምንቱ ፊደል እሷ ናት፣ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ብቻ። ሰኞ የድብ ተረት ተነበበ፤ ድብ በነሱ ቋንቋ በዚያች ፊደል ይጀምራልና። ማክሰኞ ቡሌ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ጋገሩ፤ እሱም በዚያችው ይጀምራል። ማስረሻ ወገቡ ላይ ሽርጥ አስሮ ሊጥ እያድቦለቦለ በሆዱ ሳቀ። በዚህ አያያዝ እነዚህ ልጆች ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ ይሸብታሉ አለ። እሱን ቢጠይቁት በአንድ ሳምንት ያስጨርሳቸው ነበር። ግን ማን ይጠይቀው?

ረቡዕ ዕለት ተጠየቀ። ጉኒላ ዝማሬን ጨምሮ አምስት ልጆችና አንድ እሽግ ካርድ ሰጥተው አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል ላኩት። ካርዶቹ ላይ ሥዕል አለ፤ ልጆቹ የሥዕሉን ስም ጠርተው በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ይናገራሉ። «ጨዋታ ነው፣ አትቸኩል» አሉት።

በሩ እንደተዘጋ መምህር ማስረሻ ተመለሰ፤ የኮልፌው። አምስቱን በቁመታቸው አሰለፋቸው። ካርድ እያነሳ በጣቱ ይጠቁማል፤ ልጆቹም አዲስ ነገር ሆኖባቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሊኔያ የምትባል የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስቴም ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሦስቴም ዝማሬ ከጎኗ ፈጥና መለሰች። የማስረሻ ልቡ አበጠ። ስዊድኖቹ ሁሉ የልጁን ጉብዝና ያዩለት መሰለው።

«በይ እንግዲህ አንድ ኩርኩም አቅምሻት!» አላት በአማርኛ፣ እየሳቀ።

ኮልፌ ሕጉ ይኸው ነበር። የመለሰ ያልመለሰውን ይኮረኩማል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ የተኛ ይነቃል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ማስረሻ በዚህ አገር ልጅ መምታት በሕግ የተከለከለ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ ከገባበት ወር ጀምሮ ሲነገረው ኖሯል። ግን ኩርኩም በሱ ዘንድ ከዱላ አይቆጠርም። ዱላ ዱላ ነው፣ ኩርኩም ጨዋታ።

ዝማሬ አመነታች። «እሷን?» አለች በስዊድንኛ።

«አዎ፣ አይዞሽ!» አለና ጣቶቹን ጨብጦ በገዛ አናቱ ላይ ኳ አድርጎ አሳያት።

ልጅቱ አደረገችው። እውነት ለመናገር ቀስ አላለችም፤ አባቷን ደስ ልታሰኝ የቸኮለች ልጅ ቀስ ማለት ከየት ታምጣ? ሊኔያ መጀመሪያ የሆነውን ማመን አቃታት። ከዚያ አናቷን በሁለት እጇ ይዛ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ጉኒላ በሩን ከፍተው ገቡ። ሊኔያን እቅፍ አድርገው ተንበረከኩ። «ምን ሆነ?»

«መታኋት» አለች ዝማሬ። ከዚያም ቀና ብላ አባቷን አየችው። እንዲናገር ነበር የምትጠብቀው፤ አባት አይደል!

«ማስረሻ፣ አንተ አይተሃል?» አሉ ጉኒላ።

በዚያች ቅጽበት ሐበሻው ሁሉ ቡና ቤትና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያወራው ወሬ ጭንቅላቱ ውስጥ ተንጋጋ፤ ሶሻሎች የሚባሉት የልጆች ጉዳይ ሹሞች መጡ፣ ልጅ ወሰዱ፣ የእገሌን ቤት በተኑ። የረዳትነቱም ሥራ ትዝ አለው። ምላሱ ከልቡ ቀደመ።

«አላየሁም» አለ። «ካርድ እያነሳሁ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የማይመለስ ነገር ተናገረ። ዝማሬ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት «አዎ፣ ፓፓ አላየም» አለች።

ማስረሻ ጆሮው ድረስ ጋለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቶ ያውቃል፤ የአባትን እከክ በሰባት ዓመት ልጅ ላይ የለከከ ግን ከራሱ በቀር አላየም።

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ስልክ ተደወለ። ያነሳችው ፅጌረዳ ናት። «ጉኒላ ናቸው፣ አንተን ነው» ስትለው ማስረሻ እጁን አወናጨፈ፤ የለም በዪ። ፅጌረዳ ዓይኗን አፍጥጣበት መታጠቢያ ቤት ነው አለች፣ አዳመጠች፣ ስልኩን ዘጋች።

«አንቺ! ልጅ መትተሻል?» አለች ወደ ዝማሬ ዞራ። «ማነው እንዲህ ያለ ባለጌነት ያስተማረሽ? ከዚህ ቤት ነው የተማርሽው?»

ዝማሬ ፓስታዋን በሹካ ጠቀለለች። እናቷ ደገመች። ልጅቱም መልሳ ጠቀለለች።

«ተያት እባክሽ» አለ ማስረሻ። «ልጅ ናት፣ ልጅ ያጠፋል።»

ይህን ማለቱ! ይቅር ባይ ሆኖ መገኘቱ! ከአፉ እንደወጣ ራሱን ተጸየፈ። ፅጌረዳ «አንተ ነህ እኮ የምታሞላቅቃት» ብላ ተነሳች። አባትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። የዚያን ቀን ፊደል የጠየቀም የተጠየቀም የለም።

ሐሙስ ጠዋት የሊኔያ እናት ልጇን ይዛ መጣች። ማስረሻ ኮሪደሩ ላይ የልጆች ካፖርት ሲሰቅል ስታገኘው ቀጥ ብላ መጥታ ጨበጠችው። «ልጆች ናቸው፣ ያጋጥማል» አለችው ፊቱን ትኩር ብላ እያየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ይቅርታ» አለ፤ ይቅርታውም ስለ ልጁ ጥፋት ይቅርታ የሚጠይቅ የጨዋ አባት ይቅርታ ነበር፣ እሱም ውሸት።

ያን ቀን ክፍሉ ዛፍ መሐል ወጥቶ ብዮርክ ከሚሉት ዛፍ ቅጠል ለቀመ፤ ዛፉም ቅጠሉም በነሱ ቋንቋ በዚያች ፊደል ይጀምራሉ። ዝማሬ ብቻዋን ነበረች። ምሳም ላይ ወንበሯን ወደ ጫፍ ስባ በላች። ሁለት ጊዜ ማስረሻ ልቡን አጠንክሮ ወደ ጉኒላ ሄደ። አንዴ ልጆች ከበቧቸው። ሁለተኛው ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ፤ ቀና ብለው «እህ?» አሉት፣ እንደሚጠብቅ ሰው። «መቀሱ የት ነው?» አላቸው። መቀሱ በእጁ ነበር።

ዓርብ የሳምንቱ ማጠቃለያ ነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ከበቡ፤ እያንዳንዱ በሳምንቱ የተማረውን አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ ድብ ብርዱ እስኪያልፍ እንደሚተኛ ተማርኩ አለ። አንዷ እርሾ ሕይወት እንዳለው። ሊኔያ ተነስታ ሰሌዳው ላይ ያችን ፊደል ብቻዋን ጻፈቻት፤ የፊደሏ ሆድ ትንሽ ተንጋዶ ነበር፣ ግን ጻፈቻት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ማስረሻ ያቺ ልጅ አምስት ቀን ሙሉ ለዚህች ሆድ ስትታገል መክረሟ ያን ጊዜ ገባው፤ በኩርኩም በአንድ ጠዋት ሊያስጨርሳት የፈለገው ይህንን ነው።

የዝማሬ ተራ ደረሰ። «ሰው እንደማይመታ» አለች። ድምጿ አይሰማም ነበር።

«አንተስ ማስረሻ?» አሉ ጉኒላ። «አንተ ምን ተማርክ?»

ሃያ ሁለት ልጆች ወደሱ ዞሩ። የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ተቀምጦ ወደ ዝማሬ ተመለከተ።

«ዳቦ መጋገር» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ዝማሬ አልሳቀችም፣ አላየችውምም። ከዚያ በኋላ የተባለውን ማስረሻ አልሰማም።

ልጆቹ ካፖርታቸውን ለመልበስ ሲወጡ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለት ዓመት የተማረውን ስዊድንኛ ሰብስቦ፣ ያልተሰበሰበውን ትቶ ተናገረ። «ሊኔያን እንድትመታ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አይቻለሁ። አላየሁም ያልኩት ውሸት ነው።»

ጉኒላ ሰሌዳውን መጥረግ ተዉ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ረቡዕ ምሳ ሳይደርስ ሊኔያ ነገረችኝ። ሌሎቹም ልጆች ነገሩኝ፤ በራስህ ላይ እንዴት እንዳሳየሃት ሳይቀር። የሊኔያ እናትም ታውቃለች። ቤት የደወልኩት ከአንተ ልሰማው ብዬ ነው። ሐሙስም ጠበቅኩህ። አሁን ምንጣፉ ላይም የጠየቅኩህ ለዚሁ ነበር።»

ማስረሻ የሚይዘው ነገር ፈለገ። ስለዚህ ያቺ ሴት ስትጨብጠው ታውቅ ነበር። መቀሱ የት ነው ሲልም እኚህ ሴት ያውቁ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የተሸፈነ መስሎት ራቁቱን ሲዞር ከርሟል።

«ዝማሬን ለብቻዋ ሁለት ጊዜ አነጋገርኳት» አሉ ጉኒላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እውነቱን ብትነግሪኝ የሚቆጣሽ የለም አልኳት። ሁለቴም ፓፓ አላየም ነው ያለችኝ። ለርዕሰ መምህሩ ሰኞ እነግራለሁ፣ መንገር ግዴታዬ ነው። እዚህ ሥራ የምታገኝ አይመስለኝም።»

ማስረሻ አንገቱን ደፋ። ሥራው ያን ሰዓት ከቁም ነገር አልገባለትም።

ዝማሬ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ትጠብቀው ነበር። ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቷ ሆነ። «ነገርኳቸው» አላት። «እኔ እንዳዘዝኩሽ፣ እንዳየሁም፣ ሁሉንም።» ደስ የሚላት መስሎት ነበር፣ ሸክሙን ያወረደላት።

ልጅቱ ጥቂት አሰበች። «ታዲያ እኔ እንደዋሸሁ ጉኒላ አወቀች ማለት ነው» አለች በስዊድንኛ።

«አልተቆጡም የኔ እናት። ቀድሞውንም ያውቁ ነበር።»

«ስዋሻትም ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አለ ማስረሻ።

ሦስት ቀን ያላለቀሰችው ልጅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «እኔ ጉኒላን ዋሽቼያት አላውቅም ነበር» አለች። እንባዋ ወረደ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ በእጅጌዋ ፊቷን ጠራረገችና ቦርሳዋን አውልቃ አስያዘችው።

«አንተ እዚህ ቆይ» አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው።

የክፍሉን በር አንኳኳች፣ ገባች፣ ከኋላዋ ዘጋችው። በበሩ መስታወት ጀርባዋ ይታየው ነበር። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ትናገራለች፤ ጉኒላም ተንበርክከው ይሰማሉ። እሱ ሦስት ቀን የጠፋበትን በር ልጅቱ ማንም ሳይልካት አንኳክታ ገባችበት።

ማስረሻ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንቱን ተማሪ ውጭ ቁም ብሎ እንዳቆመ አይቆጥረውም። አሁን እሱ ቆሟል። አንድ ወላጅ ልጁን እየጎተተ ሲያልፍ «መልካም ቅዳሜና እሁድ!» አለው። ማስረሻ የዝማሬን ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ወለሉን እያየ፣ ለእርስዎም አለ።