የቲሊዮርኗ ግሪዝል

"ይቺ ልጅ ሞታለች፣ ወይዘሪት ማች" አለ የባለርስቱ ወኪል ፕሪንግል በመዝገብ ቤቱ፣ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

የቲሊዮርን እርሻ ኪራይ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የተከራዩ ልጅ በሕይወት እስካለች ማንም አያስወጣትም። ከኤዲንብራ የመጣው ፕሪንግል ግን የእርሻውን የድሮ ነዋሪዎች በየመዝገቡ ሲበረብር ከርሞ፣ መጀመሪያ የግሪዝል ማችን ልደት፣ ቀጥሎ ሞቷን አገኘ፤ በሁለት ዓመቷ፣ ጉሮሮ በሚዘጋ በሽታ። እንግዲህ ዕድሜ ልኳን እዚያ ቤት የኖረችው አሮጊት አታላይ ናት፤ ኅዳር ሲገባ ትውጣ ነው ነገሩ።

"ሞቼ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ላሞቹን ማን አለባቸው?" አለች ግሪዝል። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ጥርጣሬ ገብቷታል። እናቷ አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርታት አታውቅም። በር ላይ ቆማ አፏን ትከፍትና ዝም ትላለች፤ ከዚያ "አንቺ!" ትላለች። እውነት የማንም ልጅ ሆኜ ይሆን? ብላ ፈራች።

መዝጋቢዋ አይና የአገሩ ልጅ ናት። "እማማ ግሪዝል፣ እናትዎ የየት ሰው ነበሩ?"

"የባሕር ዳርቻ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ።"

"እርስዎን ለመውለድ እናታቸው ቤት ሄደው ቢሆንስ? ልደት የሚመዘገበው በተወለዱበት ነው።" ወደዚያው መዝገብ ቤት ደወለች።

ፕሪንግል ፈገግ አለ። ግሪዝል መሐረቧን ጨምቃ ያዘች።

"የለም?" አለች አይና በስልኩ። "እስቲ የሚቀጥለውን ዓመት እይልኝ።"

በመጨረሻ የአይና እስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ።

"ግሪዝል ማች። አባት፣ የቲሊዮርን ተከራይ። ያቺኛዋ በሞተች በዓመቱ የተወለደች።"

"ሁለት ግሪዝል?" አለ ፕሪንግል።

"ስሙ የአያት ነዋ! እዚህ የሞተ ልጅ ስም ለተከታዩ ይሰጣል። ቢጠይቁን ምን ነበረበት?" አለች አይና።

ፕሪንግል ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ቤቱ ተረፈ። ግሪዝል ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። አትወደኝም ብላ እናቷን ስትቀብር አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን ስሙ የሞተችው ልጇም ስም ስለሆነ ከአፏ አልወጣ ብሏት እንደነበር ገባትና አለቀሰች።

ማታ እርሻው በር ላይ እናቷ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ቆመች። "ግሪዝል" ብላ የሞተች እህቷን ልትጣራ አፏን ከፈተች። እንደ እናቷ ሁሉ ድምጿ እምቢ አላት።