ሃያ ሰባተኛው ዙር

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በኦማሃ ከተማ፣ በማርች ወር በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ዌንደል ክሮፕ ለአሥራ አንድ ዓመት እንቁላሉን ሲቀቅልበት የኖረው ባለ አንድ እጀታ ትንሽ ድስት፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅና ሳይማከር፣ ከእንቁላል መቀቀያነት ተነሥቶ የጥርስ ላስቲክ መቀቀያ ሆኖ ተሹሟል። ሹመት ያዳብር።

ሿሚዋ ሚስቱ ረኔ ነበረች። ላስቲኩ በጨዋታ ላይ ጥርስ እንዳይረግፍ የሚነከስ ሰማያዊ መከላከያ ነው፤ ለስለስ እስኪል ይቀቀልና ትኩስ እያለ ይነከሳል፤ ከዚያ የነካሹን ጥርስ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ረኔ ነከሰችውና ወደ ባሏ ዞራ የሆነ ነገር አለች።

«ምን?»

አወጣችው። «ጆዲ ሃያ ሰከንድ ነው ብላኛለች። ቁጠርልኝ እንጂ!»

ጆዲ። እራት ሳይቀርብ ስሟ ለአራተኛ ጊዜ ተጠራ።

ዌንደል መቁጠር እንጀራው ነው። በአውራ ጎዳናው የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። የገዛ አማቱን የበቆሎ መኪና በአርባ ፓውንድ ትርፍ ከመንገድ መልሶ፣ በዚያ ዓመት የገና ምሳ ላይ አጥንቱ ብቻ የደረሰው ሰው ነው። ስለዚህ ሚስቱ «ጆዲ» ባለች ቁጥር ሳይፈልግ ይቆጥራል። ከፍተኛው በአንድ እራት አሥራ ዘጠኝ ነው። የእሱ ስም በዚያው እራት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ሁለቱም ጨው እንዲያቀብል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረኔ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሮለር ደርቢ ልትገባ ነው፤ ሴቶች በባለ አራት ጎማ ጫማ በሞላላ ሜዳ እየዞሩ በዳሌና በትከሻ የሚገፋፉበት ጨዋታ። የከተማው ማኅበር የሚሠለጥነው ድሮ ሱፐርማርኬት በነበረ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ «ዳቦ» እና «አይስክሬም» የሚሉ ሰሌዳዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ጀማሪዎቹ «ትኩስ ሥጋ» ይባላሉ፤ ከቤቱ ጋር ይሄዳል። ነባሮቹ ደግሞ እንደ ድሮ ጦረኛ የፈረስ ስም አላቸው። አሠልጣኟ «ጥርስ አርግፍ» ናት፤ ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ስትሆን፣ ክፉ አፍ ገበያዋን እዚሁ ነው የምታሰናዳው ይላል።

ትኩስ ሥጋ አባል ለመሆን በአምስት ደቂቃ ሃያ ሰባት ዙር መዞር አለበት። ሃያ ስድስት ተኩል የሚባል ነገር የለም። ፊሽካው ሳይነፋ መስመሩን የረገጠችው ትገባለች፤ ያልረገጠችው ሦስት ወር ከሥጋዎቹ ጋር ትቆያለች። የረኔ ምርጧ ሃያ ስድስት ነው። ጆዲ ግን፣ ያቺ አብራት የጀመረችው፣ በር ጎንበስ ብላ የምታልፈው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ እየሳቀች ሃያ ዘጠኝ ትዞራለች።

በሁለተኛው ሳምንት ረኔ ከልምምድ መጥታ ታፋዋን ገልጣ አሳየችው። ዳሩ ሐምራዊ፣ መሀሉ ቢጫ፣ የሾርባ ሳህን የሚያህል ብልዝ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ዌንደል የመኪና ቁልፉን አንሥቶ ነበር።

«ጆዲ!» አለች፣ ልደቷን ያከበሩላት ይመስል። «አያምርም? ፎቶ አነሣችው እኮ።»

ዌንደል ቁልፉን መለሰ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በጋብቻቸው ቀን አበባ ሲያመጣ አንዱም ፎቶ አልተነሣም።

ሐሙስ የቺሊ፣ የዚያ የሥጋና የቦሎቄ ወጥ፣ ቀናቸው ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ሐሙስ ማታ ቺሊ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይበላሉ፤ ዳቦውን ወጡ ውስጥ ያጠልቃሉ፣ ቴሌቪዥኑን ይሳደባሉ። አሁን ሐሙስ የልምምድ ቀን ሆነና ቺሊው ወደ ረቡዕ ተዛወረ። ዌንደል ረቡዕ ላይ ቺሊ አይጥመውም፤ ምክንያቱን ግን ለቺሊው እንኳ አልነገረም።

በአንዱ እንዲህ ባለ ረቡዕ ነው ወረቀቱን ያየው። ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል፤ የማኅበሩ ቅጽ ነው። «ጉዳት ቢደርስ የሚጠራ ሰው፦ ጆዲ ፕራት። ዝምድና፦ ሚስት።»

«ረኔ።»

«ወዬ።»

«እኔ ማነኝ?»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? ዌንደል ነሃ!»

«እዚህ ወረቀት ላይ የለሁም።»

«ከጀርባው አለህ። ገልብጠው።»

ገለበጠው። አለ። «ዌንደል ክሮፕ። ዝምድና፦ ባል። ሥራ ላይ ስልክ አያነሣም።»

«ልማድ ነው እኮ ውዴ» አለች ረኔ፣ ዳቦዋን ቺሊው ውስጥ እያጠለቀች። «ሁሉም አንድ አንድ የደርቢ ሚስት ይይዛል። አምቡላንስ ውስጥ አብራህ የምትገባ፣ ሐኪም ቤት ጫማህን የምታወልቅልህ። እግሬ ተሰብሮ አንተ ከሚዛን እስክትወርድ ልጠብቅ?»

«ባል እያለሽ?»

«ባልማ አለኝ። ያልነበረኝ ሚስት ነው።»

«ቀለበትም አስራልሻለች በይኛ!»

«የከረሜላ ነበር። በላሁት።»

ዌንደል ማንኪያውን አስቀመጠ። ረኔ ግን አልጨረሰችም። «እንዲያውም የጋብቻ ቀለበትሽን አውልቂ ብላኛለች። ወድቀሽ ጎማ ከሄደበት ጣትሽን ይዞ ነው የሚቀረው አለች። እውነቷን ነው።»

ያን ሌሊት በቅናት ጣሪያውን እያየ የተወሰደበትን ቆጠረ። ሴትየዋ ሐሙሱን ወሰደች፣ የሚስቱ ታፋ ላይ ማኅተሟን መታች፣ ወረቀቱን ፊትና ኋላ ገለበጠች፤ አሁን ደግሞ ቀለበቱን ታስወልቃለች። በነጋታው ረኔ ዕቃ ስታጥብ ቀለበቷን የምታኖርባትን ትንሽ ሳህን አየ። ባዶ ናት፤ ቀለበቱ ወይ ጣቷ ላይ ነው፣ ወይ ጨርሶ የለም። ጣቷን ለማየት ግን ወኔ አጣ።

የፈተናው ቀን እሑድ ነበር። ደንቡ እያንዳንዷ ጀማሪ አንድ ዙር ቆጣሪ እንድታመጣ ያዛል፤ ረኔ ዌንደልን አመጣች። የጆዲ ቆጣሪ እህቷ ነበረች፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች።

«ማነው ለጆዲ የሚቆጥር?» አለች ጥርስ አርግፍ፣ ፊሽካዋን ከአፏ ሳታወጣ። «አንተ! ሚዛነኛው! ሁለት እጅ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«በቃ፣ ሚስትህ በቀኝ፣ ሚስቷ በግራ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዌንደል አልሳቀም። በሁለት እጁ ሁለት መቁጠሪያ ጨበጠ፤ በአውራ ጣት ጠቅ ሲያደርጓት አንድ ቁጥር የምትጨምር ዓይነት። ሰይጣን ረጅም ስብከት አላስፈለገውም። አባላቱ የሚሠለጥኑት ሰኞና ዓርብ ነው፣ ሥጋዎቹ ሐሙስና ቅዳሜ። ረኔ ብትገባና ጆዲ ብትወድቅ ሁለቱ ሦስት ወር አይገናኙም። ሦስት ወር ብዙ ነው፤ በሦስት ወር ሰው ሚስቱን ይረሳል።

ጆዲ እየተንሸራተተች መጥታ ፊቱ ቆመች። ጥላዋ እሱንም ወንበሩንም ሸፈነ።

«ዌንደል ወንድሜ፣ አደራህን፣ እሷን በደንብ እያት። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ የጎማ ድምፅ ካልሰማች ትፈዛለች።»

«ማንን ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ።»

«ኧረ ፊትህን ፍታው! ልንሞት አይደለም።» ሳቋ ከአውቶቡሷ ጥሩምባ አያንስም። ረኔ ከመስመሩ ላይ እጇን አወዛወዘችለት። ከእጅ መከላከያው የወጣው ጣቷ ላይ ወርቅ የለም፤ ነጭ ፕላስተር ብቻ ተጠምጥሞበታል። አወለቀችው ማለት ነው። ዌንደል የግራ እጁን መቁጠሪያ ጠበቅ አደረገው።

ፊሽካ ተነፋ። አሥራ ሁለት ሴቶች እንደ ተለቀቀ ከብት ተነሡ። ረኔ ጎንበስ ብላ፣ ጆዲ ሦስት እርምጃ ከኋላዋ። ቀኝ ጠቅ፣ ግራ ጠቅ። ቀኝ ጠቅ፣ ግራ ጠቅ። በዘጠነኛው ዙር ላይ ቀኙ ጠቅ አለ፤ የግራው አውራ ጣት ግን አልወረደም።

በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ፓውንድ ያላሳለፈ ሰው፣ አንድ ሙሉ ዙር ዋጠ። ጆሮው ብቻ ጋለ።

በሃያኛው ዙር ረኔ እሱ ካለበት ማዕዘን ደርሳ ተደናቀፈች። በግንባሯ ተደፋች፤ እጇ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ አምስቱም ጣቶች እንደ ማበጠሪያ። ስትወድቂ ጨብጪ ተብላ መቶ ጊዜ ተምራለች፤ አልጨበጠችም። ዌንደል ጣቶቹን ከሁለት ክንድ ርቀት አያቸው። የፕላስተሩ ዳር በላብ ተልጦ ነበር፤ ከሥሩ ቀጭን የወርቅ ክር ብልጭ አለች። አላወለቀችውም። ሸፈነችው እንጂ አላወለቀችውም።

የጆዲ ጎማዎች ደግሞ እጇ ላይ ሊወጡ ክንድ ታህል ነበር የቀራቸው።

ጆዲ አልጮኸችም። ያንን ሁሉ ቁመቷን ወደ ውጭ ወረወረችና የተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተከመረች። ረኔ ወደ ኋላዋ አላየችም፤ ተነሣች፣ ሮጠች። አሠልጣኟ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ የየራሱን ሰው ያያል፤ ወንበር መገልበጥ ደግሞ እዚያ ቤት ዜና አይደለም። ያየ ዌንደል ብቻ ነው። ጆዲ ከወንበሮቹ ሥር ወጣች፣ አንድ ጉልበቷን ዳበሰች፣ እያነከሰች ቀጠለች።

ረኔ ሃያ ሰባተኛውን ረግጣ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ ሦስት ሰከንድ ተርፎ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ጆዲ ማዶ፣ «አይስክሬም» የሚለው ሰሌዳ ሥር ነበረች።

ጥርስ አርግፍ መዝገቧን ይዛ መጣች። «ሚዛነኛው! ረኔ?»

«ሃያ ሰባት።»

ረኔ ከተጋደመችበት ጮኸች። ላስቲኩ አፏ ውስጥ ስለነበር ምን እንዳለች አልታወቀም።

«ጆዲ?»

በግራ እጁ ያለው መቁጠሪያ ሃያ አምስት ይላል። እውነቱ ሃያ ስድስት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የለመነውን ይሰጡታል፤ አንደኛው እንዲያውም መዋሸት አያስፈልገውም። ግን ከሃያ ሰባት በታች ቢል «ያቺ ጉልበተኛ ምን ሆነች?» መባሉ አይቀርም። የወንበሮቹ ወሬ ይነሣል። የጣቶቹም ይነሣል። ረኔ ታለቅሳለች፣ በየእራቱም ዕድሜ ልኳን ትተርከዋለች፤ አሥራ ዘጠኙ ዘጠና ይገባል። ጆዲ በሃያ ስድስት ዙር ወድቃ ከሃያ ዘጠኝ የበለጠች ትሆናለች። ውለታ ደግሞ የትኛውም ሚዛን ላይ የማይወጣ ጭነት ነው። አይሆንም! ይህን እንኳ አይሰጣትም።

ይህን አሰበ። የወርቋንም ክር አሰበ። የትኛው እንደቀደመ እሱም አያውቅም። የግራ እጁን ከነመቁጠሪያው ኪሱ ከተተ፤ ኪሱ ውስጥ አውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ወረደ።

«ሃያ ሰባት» አለና አውጥቶ አሳያት።

ከፈተናው በኋላ ዌንደል ውጭ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆመ። ጆዲ ጉልበቷ ላይ የበረዶ ከረጢት አስራ እያነከሰች መጣች፤ ሳቋ አብሯት አልነበረም።

«ሃያ ሰባት?»

«ተጽፏል።»

«ዌንደል፣ ፊሽካው ሲነፋ እኔ አይስክሬሙ ጋ ነበርኩ! መስመሩ ዳቦው ጋ ነው!»

ዌንደል የመኪናውን መስተዋት በእጅጌው ጠረገ። ንጹሕ ነበር።

«ደግሞ አትወደኝም። አትወደኝም አይደል?»

«አልወድሽም።»

«ታድያ ለምን?»

«አልናገርም።»

ረኔ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየዘለለች ደረሰች፤ ፕላስተሩ ከጣቷ ተልጧል። በአንድ እጇ ባሏን፣ በአንድ እጇ ጆዲን አቀፈች፤ ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

«ሁለታችሁም ምን ሆናችሁ? ገባን እኮ! ምን እያላችሁ ነበር?»

«ባልሽን ጠይቂው» አለች ጆዲ።

«ዌንደል? ምንድነው?»

«አልናገርም።»

«ለኔም?»

«ላንቺም አልናገርም።»