በኪሱ የነበሩት ፒኖች

«በእጅ ካልዞረ እንዳትዘጋው» አለች ሲግኔ።

አርንት የቡሎን መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። የዊንቹ፣ የአሮጌው መኪና መጎተቻ፣ ሳጥን የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ አዲሱ የነሐስ ጥርስ ያብረቀርቃል። አርንት ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ሊያዞረው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም።

«አጥብቄዋለሁ መሰለኝ።»

«መሰለህ? ፊትህ ቲማቲም መስሏል እኮ። ፍታውና ከዚያ ከስሱ ቆርቆሮ አንድ ጨምርበት። ቶርላይፍ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

ቶርላይፍ ባሏ ነው፤ የአርንት ታላቅ ወንድም። እሁድ ጠዋት እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ወድቆ አገኘችው። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። አሁን ከተማው ሆስፒታል ውስጥ፣ አስከሬን ክፍል ተኝቶ የቀብሩን ቅዳሜ ይጠብቃል። ዊንቹ ደግሞ እሱ እንደፈታታው ቀርቶ ነበር።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንና መቃብሩ ያሉት ከፊዮርዱ፣ ከጠባቡ የባሕር ሰርጥ፣ በላይ፣ አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። ክረምት ሲመጣ አቀበቱ መስተዋት ይሆናል። የሬሳ መኪና አይወጣውም። ሰንሰለት ያሰረ ትራክተርም አይወጣውም፤ የአርንት ትራክተር አምና ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ አድሯል። የሚወጣው የቶርላይፍ አሮጌ የጦር መኪና ብቻ ነው፤ አባቱ ከጦርነቱ በኋላ የገዛው። ከፊቱ ያለውን የዊንቹን የሽቦ ገመድ መንገዱ ዳር ዓለት ውስጥ ከተተከሉት የብረት ቀለበቶች ጋር እያያያዙት፣ መኪናው የሬሳ ሣጥኑን ጀርባው ላይ ጭኖ ራሱን በራሱ እየጎተተ ይወጣል። በክረምት የሞተ የመንደሩ ሰው ሁሉ የወጣው እንደዚያ ነው።

«ዊንቹ እስከ ዓርብ ካልተሠራ ከተማው መቃብር እንቀብረዋለን» ብሏት ነበር የቀብር አስፈጻሚው በስልክ።

«እዚያ ማንን ያውቃል?» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

አርንት ቆርቆሮውን ጨምሮ እንደገና አሰረ። ዘንጉ ቀስ ብሎ፣ እንደከበደው፣ ዞረ። ሲግኔ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ አርንት መደርደሪያው ላይ ያገኘውን አዲስ ጀሪካን አንስቶ ሊቀዳ ሲያዘነብል ክንዱን ያዘችው።

«ያ ለካምቢዮ ነው። ነሐሱን ይበላዋል። ከታች ያለውን ወፍራሙን ዘይት አምጣ፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ቀለም ያለበትን።»

«አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ስንት ክረምት እዚያ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ሹራብ ሠርቻለሁ። እሱ ከሰው ጋር አያወራም፤ ከመኪናው ጋር ግን ያወራል። እኔም እሰማለሁ።»

ዘይቱ እንደ ማር እየተጎተተ ሲወርድ ፔርሙዙን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ወጥ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ለጓሮው በር ሰጥተው ኬክ ይቆርጣሉ።

«ባሏ ሳይቀበር ግራሶ ስትቀባ ትውላለች።»

«ተያት ባክሽ። ሐዘን የማያደርገው የለም።»

«እኔ እኮ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው።»

«ሰው ማለት እኛ ነን። ይኸው እያልን ነው።»

ሲግኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቡና አለ?» አለች። ሁለቱም ኬኩን በጣም ቀጭን ቀጭን አድርገው መቁረጥ ጀመሩ።

ልጇ ራንዲ ተከትላት ወጣች። ትናንት በዚያ በረዶ ተራራውን አቋርጣ ስትመጣ ሲግኔ መኪናዋ ጓሮ እስኪገባ መስኮት ሥር ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ ከተማ ይቀበር። መንገዱ ተጠርጓል፤ ሰውም አይቸገርም።»

«ኮፍያሽን አድርጊ።»

«ስለ ኮፍያ አይደለም የማወራው።»

«እኔ ነኝ የማወራው። ጆሮሽ ቀልቷል።»

«ገመዱ ቢበጠስስ? አባዬ ጀርባው ላይ እያለ መኪናው ቁልቁል ቢሄድስ? አስበሽዋል?»

ሲግኔ አስባዋለች። ሌላ ያሰበችው ነገርም የለም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ሣጥኑ አቀበቱን ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ሲዘሉ ይታያታል።

«ኤይቪን እዚያ ላይ ነው» አለች።

ኤይቪን የራንዲ ወንድም ነበር። በረዶው ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ውኃ ሲውጠው አራተኛ ክፍል ነበር፤ እሷ ደግሞ ገና የእናቷን እጅ ይዛ የምትሄድ ልጅ ነበረች። በቀብሩ ቀን አባቷ ዊንቹን ማንም እንዲነካ አልፈቀደም። ትንሿን ሣጥን ጭኖ፣ ገመዱን ከቀለበት ቀለበት እያዛወረ፣ ልጁን ብቻውን አወጣው። ጫፍ ሲደርስ ለዊንቹ ግራሶ ሰጠው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ከዚያ መጥቶ መቃብሩ አጠገብ ቆመ። ቀዝቃዛ ሰው ነው ብለው አሙት። ሲግኔ ግን ጨርቁን በጥርሱ ነክሶ መኪናው ኋላ ተደፍቶ አይታዋለች።

«ከጎኑ ያለውን ቦታ አባትሽ ራሱ ነው ያስያዘው» አለች ሲግኔ። «ከተማ አልተወውም።»

ራንዲ ኮፍያዋን ከኪሷ አውጥታ አደረገች።

ጋራዡ ውስጥ ዊንቹ ተገጥሞ ነበር። የቀረው ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ፒን ነው። አርንት መዳፉ ላይ አንድ ወፍራም ቡሎን ይዟል።

«ይህንን ልመልሰው ነው። የነበረው እሱ ነው፤ አይሰበርም።»

ሲግኔ ቡሎኑን ተቀብላ ወደ መብራቱ ጠጋ አለች። «እዚህ የሚገባው ለስላሳ ፒን ነው። ጭነት ሲበዛ እሱ እንዲሰበር ነው የተሠራው። እሱ ካልተሰበረ ጥርሱ ይሰበራል። ይህንን ማን አስገባው?»

አርንት ወደ አሮጌው የነሐስ ጥርስ አየ፤ አንዱ ጎኑ በአይጥ የተበላ ይመስላል።

«አርንት?»

«አምና የሞተችውን አስተማሪ ያወጣናት ቀን። ቶርላይፍ ሳንባው ታሞ ተኝቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ፒኑ ተሰበረ፣ በረዶ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ኪሴ ውስጥ ያገኘሁትን አስገባሁ።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ምንም አላለኝም። አላወቀም ብዬ ነበር።»

ሲግኔ ጸደይ ላይ ቶርላይፍ ወጥ ቤት ገብቶ እጁን ሳይታጠብ የተቀመጠበትን ቀን አስታወሰች። የዊንቹ ጥርስ ተበልቷል አላት። ማን ነው ያበላሸው ስትለው ቡናውን ለረጅም ጊዜ አማሰለ።

«ብርዱ ነው» አላት።

አርንትን እንድትቆጣ የሚገፋፋት ንዴት ነበረ፤ ግን የሰውየው ትከሻ የባሏን ትከሻ ይመስላል።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ብርዱ ነው ብሎኛል።»

አርንት ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። «ፒኖቹ የት ናቸው?» አለ።

መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈቱ፤ አንድም የለም። የት እንዳሉ ሲግኔ ገና ሲጀምሩ አውቃለች፤ ያልተናገረችው ሆስፒታሉ የሰጣትን የልብስ ከረጢት መክፈት ስላልፈለገች ነው። ቶርላይፍ ፒኖቹን የሚይዘው የሥራ ሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ነው። ጣቶቹ ከደነዘዙ ወዲህ አዝራሩን ጠዋት ጠዋት የምትቆልፍለት እሷ ነበረች። «እንዳይወድቅ» ትለዋለች። እሱም አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ሕፃን ይቆማል።

ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትታ ከፈተች። ሸሚዙ በቁመቱ ተቀዷል፤ ለማዳን የታገሉት ሰዎች ናቸው የቀደዱት። ኪሱ ግን እንደተቆለፈ ነበር። እሷ እሁድ ጠዋት የቆለፈችው። አዝራሩን ፈታች። ሦስት ፒኖች በቡና ማጥለያ ወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ፤ አቀበቱም አበራ። አርንት መሪውን ያዘ። ሲግኔ ከገመዱ መሥመር ወጣ ብላ፣ ከመኪናው ጎን ሄደች፤ ራንዲ ክንዷን ይዛታለች። ሰዉ ከኋላ ራቅ ብሎ ተከተለ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ መኪናው ሣጥኑን ይዞ ስንዝር በስንዝር ወጣ።

መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማው ከበረዶ ሥር ካለ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ገመዱ መሳብ አቆመ። ራንዲ የእናቷን ክንድ ጨመቀች። አርንት በመስኮቱ አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ፒኑ ነው» አለች ሲግኔ። «ሥራውን ሠራ። ፍሬኑን ያዝ። የገመዱ መጠቅለያ ከበሮ አይለቅም።»

ከበሮው አልለቀቀም። ሁለት ሰዎች ከጎማዎቹ ኋላ ግንድ አስገቡ። ድንጋዩን በዶማ ነቅለው ጣሉት። ሲግኔ ጓንቷን አውልቃ በረዶው ላይ ተንበረከከች፣ የተሰበረውን አውጥታ ሁለተኛውን ፒን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጋ አስገባች።

«አሁን ቀስ ብለህ» አለችው። «ሠርግ የምትሄድ አይደለህም።»

ቶርላይፍ ከኤይቪን ጎን ወረደ። ቄሱ አፈር ሲበትኑ ሲግኔ ሦስተኛውን ፒን ከኪሷ አወጣች። ከእሱ ጋር ልታወርደው አስባ ነበር። መቃብሩ አፍ ላይ እጇን ዘርግታ ቆየች፤ ከዚያ ጣቶቿን መልሳ ጨበጠች። በሌላው እጇ የያዘችውን ጽጌረዳ ብቻ ጣለች።

ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሙቅ አዳራሽ ሲገባ እሷ ወደ መኪናው ሄደች። የግራሶ መስጫውን ከመቀመጫው ሥር አወጣችና አሮጌው ግራሶ ወጥቶ አዲሱ በዊንቹ ጎን እስኪታይ ድረስ ገፋች። ራንዲ ጨርቅ አቀበለቻት።

«እማዬ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።»

«ከሥራ በኋላ ሳይቀባ አያድርም።»

አርንት ባርኔጣውን ይዞ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሲግኔ እጇን በጨርቁ ጠረገች። ፒኑን የአርንት ካፖርት የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችና አዝራሩን ይዛ ከቀዳዳው ጋር ለማገናኘት ታገለች፤ ጣቶቿ በግራሶና በብርድ አልታዘዝ አሏት። አርንት ሊያግዛት አልሞከረም። አገጩን ቀና አድርጎ ቆመላት።

«እንዳይወድቅ» አለች፣ አዝራሩ ሲገባ።