ከዋናው መንገድ በስተውስጥ

…ለምን ቆምክ ትለኛለች ነርሷ ከኋላ፣ አልቆምኩም እያሰብኩ ነው፣ አምቡላንስ እየነዱ ማሰብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው፣ ፊት ለፊቴ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ለቧንቧ ነው መሰለኝ፣ ቀይ ሪባን ወጥረውበታል፣ ዋናውን መንገድ አውቀዋለሁ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፣ ከዋናው ወጣ ካልኩ ግን ምንም የለም። ባዶ።

ሐኪሙ ነግሮኛል። ያ ትኩሳት ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ የተኛሁ ጊዜ፣ ከጆሮህ በስተውስጥ ጣት የምታህል የአንጎል ክፍል አለች አለኝ፣ አዲስ ቦታ ስትሄድ መንገዱን የምትቀርጸው እሷ ናት፣ እዚያ ካሉት ሴሎች አንዱ ለዚህ ጥግ፣ ሌላው ለዚያ በር ብልጭ ይላል፣ ስትተኛ ደግሞ የዋልክበትን መልሰው ይሄዱበታል፣ እንዲያ እያለ ይጸናል፣ ያንተዋ ተጎድታለች፣ የጥንቱና የተደጋገመው ይቀርልሃል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ለመሥሪያ ቤትህ ንገር። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ካርታው እያሉ ለሚጠሩኝ ሰዎች ካርታው ተቀደደ ልበላቸው?

መንገድ የሚመራኝ ስልኩ አለ፣ ሰሞኑን በስልኩ ነው ስሸውዳቸው የሰነበትኩት፣ እሱም ዞሮ ዞሮ ወደ ተቆፈረው ይመልሰኛል፣ ቀጥ በል ይላል፣ ጉድጓድ ልግባልህ? ከኋላ ምጥ የያዛት ልጅ ታቃስታለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው ትላለች ነርሷ፣ ድምጿ ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ሲል ነው የምፈራው፣ ካርታው በናትህ በሆነ በኩል አውጣን ትለኛለች። በሆነ በኩል። በቀኝ አንድ አለ፣ በግራ አንድ አለ፣ ሱቁን አውቀዋለሁ፣ ሰማያዊ በር ያለውን ቤት አውቀዋለሁ፣ ከሱቁ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን፣ ፊቱን እያወቅኸው ስሙ እንደሚጠፋብህ ሰው ጠፍቶኛል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የልጅቷ አባት ናቸው፣ ምን ሆነሃል ልጄ ይሉኛል። በል ተናገር እላለሁ ለራሴ። ጠፋብኝ አባቴ። ታምሜ ነበር፣ ከዋናው ውጪ አላስታውስም።

ወጣልኝ። አሁን ይጮሁብኛል፣ ልጃቸው ናት፣ ይጩሁ፣ እሳቸው ግን መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ በግራ ይዘህ ውረድ። ወፍጮ ቤት? ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ፎቅ ቆሞበታል፣ ፎቁን አላውቀውም፣ ወፍጮ ቤቱን ግን፣ ወፍጮ ቤቱንማ አውቀዋለሁ፣ እናቴ እህል አሸክማ የምትልከኝ፣ ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ፣ ታጠፍኩ። ከዚያስ አባቴ? ከዚያማ አናጢው ጋ። እሱም ሞቷል፣ ቤቱም የለ፣ የሰጋቱራው ክምር በቀኝ ነው አይደል? ጎሽ፣ በቀኝ። የሞተ ሰው ቤት፣ የፈረሰ ቤት እየተባባልን እንነዳለን፣ መኪናው አጥር ለአጥር እየታከከ፣ ሳይረኑ እየጮኸ፣ እጄ ከኔ ቀድሞ ይታጠፋል፣ በልጅነቴ በእግሬ የሮጥኩበት ነው፣ ትኩሳቱ እዚህ ድረስ አልደረሰም። ወጣን። የሆስፒታሉ በር።

አስገቧት። መጠበቅ ነው። ነርሷ ስትመጣ፣ ወንድ ነው፣ እሷም ተርፋለች፣ ደም ተሰጣት፣ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ነርሷ እኔን ታየኛለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከትኩሳቱ። እና ዝም ብለህ ትነዳናለህ? ዝም ብዬ። ልትሰድበኝ አፏን ከፍታ ተወችው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለኃላፊው አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ? እኔ።

ደወልኩ፣ ነገርኩት። ኃላፊው፣ ቁልፉን ለነርሷ ስጣት፣ ነገ ና እንነጋገራለን፣ የምትሠራው ሥራ አይጠፋም። ሰጠኋት። ቀለለኝ? አልቀለለኝም። ከበደኝም አልልም።

አሁን ለባለቤቴ። ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ፣ ነይና ውሰጂኝ። መኪናውስ? መልሻለሁ፣ ከዚህ ወደ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኛል። ለሷም አልነገርኳትም ነበር። እዛው ሁን ትለኛለች፣ እንዳትነቃነቅ፣ የሠርጋችን ቀን ያስጠበቅኸኝን ዛሬ አንተ ጠብቀህ ትከፍላታለህ፣ ልትስቅ ሞክራ ድምጿ ይሰበራል፣ እሺ እላታለሁ።

አግዳሚው ላይ ነኝ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል፣ ሁሉም የሚሄድበትን ያውቃል፣ እኔ እሷ በየት በኩል እንደምትመጣ አላውቅም፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል አያለሁ።