የተጣበቁት ሁለት ቅጠሎች

ፉሪ ዳገት ላይ ያለው የአሮጌው ደብር መጻሕፍት ቤት በሐምሌ ዝናብ ከተደረመሰ አራተኛ ቀኑ ነው። የጥንት ጽሑፍ አጥኚው ዶክተር ላቀው አራቱንም ቀን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ብራና ሲለቅም ውሏል። ሰው ታመመ ሲሉት «እግዜር ይማረው» ብሎ የሚያልፍ፣ ብራና ሻገተ ሲሉት ግን እህል የማይቀምስ ሰው ነው። ዛሬማ ደስታው ልክ አጥቷል፤ ሌላ ቅጂ ያልተገኘለት፣ አንድም ተመራማሪ ያላየው ገድል እጁ ገብቷል።

ግን ገድሉ ብቻውን አልወጣም። የመጀመሪያ ቅጠሉ ከአንድ ተራ ዳዊት የመጨረሻ ቅጠል ጋር በእርጥበት ተጣብቋል። በዘዴ ለማላቀቅ ሳምንት ይፈጃል፤ ቸኩለው ከሳቡት ግን የአንዱ ጽሑፍ ተልጦ ይቀራል።

አጠገቡ የቆሙት እትዬ አረጋሽ ሳምንት የላቸውም። ዳዊቱን በስለት አጽፈው ለደብሩ የሰጡት እናታቸው ናቸው፤ የእናታቸው የአርባ ቀን ተዝካርም ነገ ነው። እናታቸውን ሰፈሩም ቤተሰቡም ዕድሜ ልካቸውን «እታለም» ሲላቸው ነው የኖረው። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት የንስሐ አባታቸውም ቀድመዋቸው አልፈዋል። በቀብሩ ዕለት ቄሱ ስሙን ሲጠይቁ አረጋሽ አለማወቃቸው አሳፈራቸውና አፋቸው ላይ የመጣውን «ወለተ ማርያም» ብለው ተናገሩ።

«አርባ ቀን ሙሉ የተጸለየው ለማላውቃት ሴት ነው ዶክተር» አሉት። «ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም መጨረሻው ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ ትክክለኛው ስሟ እዚያ የተጣበቀው ውስጥ ነው።»

«እትዬ አረጋሽ፣ እግዚአብሔር እኮ እናትዎን ያውቃቸዋል» አለ፣ ለመገላገል።

«እሱማ ያውቃታል። እኔ ነኝ የማላውቃት።»

ላቀው በሴትየዋ ተናደደ፤ በዝናቡም፣ በራሱም ተናደደ። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ቢላውን አንሥቶ ወደ ገድሉ በኩል አዘነበለና በሁለቱ ቅጠሎች መሃል ሰደደው።

የገድሉ አሥራ አንድ መስመር ተልጦ ዱቄት ሆነ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ዳዊቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በጣቱ ሲጠርግ ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ።

«ወለተ ሰንበት» ብሎ አነበበላቸው።

አረጋሽ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «ድገምልኝ ልጄ።» ሦስቴ አስደገሙት፤ ከዚያ ራሳቸው፣ እየፈሩ፣ ጠሩት። አልቅሰው ሲያበቁ የተላጠውን ቅጠል አዩ።

«እዚህ ላይስ ምን ይል ነበር?»

«አላውቅም» አለ ላቀው። «ገና አላነበብኩትም ነበር።»