በመንገድ የማይነገር

ከንፋስ መውጫ ወጥተው የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንደ ጀመሩ ቀዩ መብራት በራ፤ ጩኸቱም ተከተለ። ሾፌሩ ንጋቱ ዓይኑን ከዳሽቦርዱ ወደ መስታወቱ አነሣ። ከኋላ የተቀመጠችው ዓለምጸሐይ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ነበር።

"ስልክ ነው?" አለች።

"የዘይት ነው፣ እህቴ። መኪናዋ ስታዘነብል ዘይት የጎደላት ይመስላታል።"

መንገዱ ደልደል ሲል ጩኸቱ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተነሣ። ዳገት ሲሆን ይጮኻል፤ ቁልቁለት ሲሆን ይጮኻል፤ በዚህ አገር ደግሞ ከሁለቱ የወጣ መንገድ የለም። በጮኸ ቁጥር ዓለምጸሐይ ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ስልኳ ግን ከቦርሳዋ አልነበረም። ከፊት፣ ከንጋቱ ጎን፣ በአጎቷ በአያ ይርጋ ኮት ኪስ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል።

ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት አያ ይርጋ ንጋቱን ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው ነግረውት ነበር። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ሌሊቱን ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወገዳ ነው። እሷ የምታውቀው ግን ታመው እንዳስጠሯት ብቻ ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ የሚይዝ፣ የሚደግፍ ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት ነው የሚነገረው። አክስቷ ቤት ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠብቋታል። ስልኳንም "ቻርጅ ላስደርግልሽ" ብለው ተቀብለው ያጠፉት፣ የሚደውል ሰው ሁሉ እያለቀሰ ስለሚደውል ነው።

ንጋቱ ሐሳቡን ሊቀበለው ሞክሮ ነበር። አልተዋጠለትም፤ ግን የእሱ ነገር አልነበረም።

ጩኸቱ እንደገና ሲነሣ መኪናዋን ከጥግ አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠርጎ መለሰ፣ ዳግም መዘዘ። ዘይቱ ልክ ነው። ዋሽቶ የሚጮኸው የዘይቱ ጠቋሚ ሴንሰር ነው። የመስመሩ ሾፌሮች ሰልችቷቸው የየራሳቸውን ነቅለዋል፤ ንጋቱ ግን መኪናዋ የሰው አደራ ስለሆነች እስከ ዛሬ አልነካውም። አሁን በጀርባው ተንሸራቶ ከሥር ገባ፤ ከሞተሩ ሆድ ላይ የተሰካውን ሽቦ ነቀለና ጫፉን በፕላስተር አሰረ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዝም አለች። አያ ይርጋ ተመስገን ብለው ትከሻቸውን ዘና አደረጉ። ንጋቱ ግን ያን ጊዜ ነው እረፍት ያጣው። እስካሁን መብራቱ ያዳምጥለት የነበረውን አሁን ራሱ ማዳመጥ ሆነበት። የሞተሩን ድምፅ ይሰማል፤ መስታወቱን ያያል፤ ሰዓቱን ያያል። እሷ ከኋላ ሆና ቶሎ በል፣ አባቴ ይጠብቀኛል ትለዋለች። "ይጠብቀኛል" የምትለው ቃል በመጣች ቁጥር መሪው በእጁ ውስጥ ይሞቅበታል።

ወንዙን ተሻግረው ጠጠሩን ሲወጡ አንድ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ መታ። ጮክ ያለ አልነበረም። ንጋቱ ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ነዳ፤ የዘይት ሽታ ሲመጣ ቆመ። መለኪያውን ሲያወጣው ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ከሥር ገብቶ ሲያይ የዘይት ቋቱ ተሰንጥቆ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል።

ሳሙና ያለው ሰው ጠየቀ። ዓለምጸሐይ ከቦርሳዋ አንድ የልብስ ሳሙና አወጣች። የአባቷን ልብስ ልታጥብበት የያዘችው ነበር። ንጋቱ ሳሙናውን ከስንጥቁ ውስጥ እየፈተገ አስገባ፤ በጀሪካን የያዘውን ዘይት ሞላ። ይይዛል፤ ግን በቀስታ ሲነዱ፣ በየዳገቱም እየቆሙ ሲያዩት ብቻ ነው። እንደዚያ ከሄዱ ለዘጠኝ ሰዓት አይደርሱም።

አያ ይርጋ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጥተው ለወንድሟ ለናትናኤል ደወሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። ከመኪናዋ አጠገብ ጎንበስ ብለው ለንጋቱ በሹክሹክታ ነገሩት። ፍትሐቱ እያለቀ ነው። ከቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት የመጡት የመሪጌታ ደቀ መዛሙርት ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። ልጅ በአንደበቷ ጠብቁኝ ካለች ማንም አያልፋትም፤ ያለዚያ ግን ናትናኤል ብቻውን ሕዝቡን ማቆም አይችልም። ስለዚህ ሳታቆም ንዳው አሉት።

"ሳላቆም ከነዳሁ ሞተሩ ይቃጠላል፣ አያ ይርጋ። ያኔ ጭራሽ አንደርስም።"

"እንግዲያ ምን ይሻላል?"

ንጋቱ የሚሻለውን ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ቀና ሲሉ ዓለምጸሐይ ከመኪናዋ ወርዳ ከጀርባቸው ቆማለች።

"ቅድም የነቀልኸው ነገር ቢኖር ዘይቱ ማለቁን ይነግርህ ነበር?" አለችው።

"ይነግረኝ ነበር።"

"ለምን ነቀልኸው?"

"አንቺን ስለሚያስደነግጥ ነው።"

"ድንጋጤውንስ እችለው ነበር።" ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። "አያ ይርጋ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

አያ ይርጋ የምን ቀብር ሊሉ ጀምረው ተዉት። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው ስልኩን ሰጧት። ዓለምጸሐይ ወደ ጉብታው ወጣች፤ ድምፅዋ ግን እስከ ታች ይሰማል።

"ናትናኤል፣ እኔ ነኝ። አታልቅስ፣ ስማኝ። አባቴን ሳላይ አፈር አይልበስ። ለካህናቱ ንገርልኝ፤ እየመጣሁ ነው፣ መኪናችን ግን ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።"

ስልኩን ዘግታ ወደ እነሱ ወረደች። ደረቷን እየመታች ወደ ድንጋዩ ስትወድቅ አያ ይርጋ አንድ ክንዷን ያዙ። ሌላውን የሚይዝ ዘመድ አልነበረም። ንጋቱ እጁን ሱሪው ላይ ፈተገ፤ ጥቁሩ ዘይት አልለቀቀም። በእጁ መንካት ፈርቶ በክርኑ ደገፋት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለበሰችና ቀድማ ወደ መኪናዋ ገባች።

በየዳገቱ ራስ ቆሙ። ንጋቱ ወርዶ ዘንጉን መዝዞ ሲያይ እሷም ትወርድና አለ ወይ ትለዋለች፤ አለ ይላታል። ሁለተኛ ቶሎ በል አላለችውም። ቶሎ ለመድረስ የሚቁነጠነጠው አሁን እሱ ነበር።

ወገዳ ሲገቡ ፀሐይ አዘንብላለች። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ካህናቱም ጥላቸውን እንደ ዘረጉ ቆመው ይጠብቃሉ። ከአክስቷ ደጅ ሴቶቹ መርዶውን ሊነግሯት፣ ሲነግሯትም ሊይዟት ክንዳቸውን ዘርግተው ወጡ። ዓለምጸሐይ ከመኪናዋ ወርዳ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ነግረውኛል" አለች፤ በመካከላቸውም አልፋ ወደ አባቷ ሄደች።

ሴቶቹ ክንዳቸውን እንደ ዘረጉ ወደ አያ ይርጋ ዞሩ። አያ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሏት።